«የሚመች አገር» ለማን?
በኢትዮጵያና በሆላንድ መካከል ስላለው የንግድና የካፒታል ግንኙነት የቀረበ ሒስ

አንድ የውጭ ኩባንያ ገንዘቡን ወደ ሌላ አገር ከማምጣቱ በፊት «አገሩ ይመቻል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኛን ያሳሰበን ጥያቄው ሳይሆን መልሱ የሚመዘንበት ሚዛን ነው። ከነዚህ ሚዛኖች ሁሉ ስሙ የገነነው የዓለም ባንክ በየዓመቱ ያወጣው የነበረው የንግድ ሥራ አመቺነት መግለጫ ነው። በርሱ ላይ ያለንን ሐሳብ ከኢትዮጵያና ከሆላንድ የረጅም ዘመን ግንኙነት ጋር እያመሳከርን እንገልጻለን።

መግለጫው 10 ጉዳዮችን እየመዘነ አገሮችን በተራ ያስቀምጥ ነበር። ይኸውም የንግድ ድርጅት ለማቋቋም፣ መብራት ለማስገባት፣ ንብረት ለማስመዝገብ፣ ግብር ለመክፈል፣ ዕቃ ወደ ውጭ ለመላክና ይህን ለመሰለው ሁሉ ስንት ቀንና ስንት ገንዘብ እንደሚፈጅ በመቍጠር ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2020 ዕትሙ ኢትዮጵያን ከ190 አገሮች 159ኛ አድርጓት ነበር። ኋላም በጥቂት አገሮች አኃዝ ላይ እንከን ስለተገኘ ባንኩ በመስከረም 2014 ዓ.ም. መግለጫውን አቆመው። የቀናት ቈጠራው ጥቅም አልነበረውም አንልም፤ ፋይል ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ጥቅሙን ያውቀዋል። ነገር ግን አኃዙ በሙሉ ልክ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሚዛኑ ጐዶሎ ነበር እንላለን። ምክንያቱም የመዘነው ለኩባንያው የሚመቸውን ብቻ ነው።

እስኪ ወደ ወንጂ እንመለስ። ኤች. ቪ. ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ በእንዶኔዥያ ሰፊ እርሻ ነበረው። ያች አገር ነፃ ከወጣች በኋላ የንብረቱ ነገር ስላሰጋው ሌላ አገር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር አገዳ ተከለ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማውጣት ጀመረ። ቀጥሎ የሸዋ፣ ከዚያም የመተሐራ ፋብሪካዎች ተጨመሩ። ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ስኳር በአገር ውስጥ ተመረተ፤ ብዙ ወጣቶችም የፋብሪካ ሙያ ተማሩ። ይህ ሊካድ የማይገባው ውለታ ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። በመተሐራ ከረዩዎች ከብት ያሰማሩበትና ወደ ወንዝ ያወርዱበት የነበረው መሬት በአገዳ ተያዘ። በወንጂ ደግሞ ሠራተኛው ይጠጣው የነበረው የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበረ፣ ለብዙ ዓመታት ከጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው የጠቈረ፣ ጀርባቸውም የጐበጠ ብዙዎች ናቸው። ይህ ዕዳ በማንኛውም የትርፍና የኪሣራ መዝገብ አልተጻፈም። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ድርጅቱን ወረሰ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ የሠራተኛው አጥንት ግን አልተቃናም።

ሁለተኛው ምሳሌ የአበባ እርሻ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ የሆላንድ አበባ አምራቾች በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በሌሎችም ስፍራዎች ሰፈሩ። መንግሥት መሬት በኪራይ ሰጠ፣ ለጊዜውም ከግብር ነፃ አደረገ። ሁለቱ አገሮችም ለባለገንዘቦች ንብረት ዋስትና የሚሰጥ ውል በ1995 ዓ.ም. ተፈራርመው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ አዋሉት። ውርስን የሚያስታውስ ሰው እንዲህ ያለ ውል መፈለጉ አያስደንቅም። አበባው ከቦሌ በአውሮፕላን እየተጫነ በሆላንድ የጨረታ ገበያ ይሸጥ ጀመር፤ በእርሻዎቹም ብዙ ሺህ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ሥራ አገኙ።

በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በባሕር ዳር አካባቢ፣ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም በኦሮሚያ፣ በተነሣው ሁከት የሆላንድ ባለገንዘቦች የነበሩባቸው እርሻዎች ተቃጠሉ። ቃጠሎውን አናወድስም፤ ከንብረቱ ጋር የድኻ እንጀራም ነድዷልና። ነገር ግን ልንማርበት ይገባል። የዋስትና ውል ከጠፋ በኋላ ካሣ ሊያስጠይቅ ይችል ይሆናል፤ የጐረቤትን ቅያሜ ግን አስቀድሞ አይከላከልም። መሬቱ ከማን ተወሰደ፣ ለባለይዞታው ምን ተከፈለው፣ የሐይቁ ውሃ ለማን ይበቃል የሚሉትን ጥያቄዎች ከ10ሩ ጉዳዮች አንዱም አልጠየቃቸውም።

እንዲሁም መግለጫው የውጭ ምንዛሪን አልመዘነም። በኢትዮጵያ የሚነግድን ሰው ግን ከፈቃዱ ይልቅ ያስጨነቀው ዶላር የሚጠበቅበት ወረፋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ወደ ውጭ ለሚልክ ኩባንያ ይህ ምቾት ነው። አበባው በዩሮ ይሸጣል፤ ቈራጯ ግን የምትከፈለው በብር ነው፤ ዘይቷንና ጤፏን የምትገዛውም በዚያው በረከሰ ብር ነው። የ1156/2011 የሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ሆኖም ለባለገንዘቦች በሚጻፉ መግለጫዎች «ርካሽ ጉልበት» እንደ አገር ጸጋ ሲቈጠር እናያለን። ርካሽነቱ ለአንዱ ወገን ጸጋ ከሆነ ለሌላው ምን እንደሆነ የሚናገር ዐምድ ግን የለም።

የውጭ ካፒታል አይምጣ ማለታችን አይደለም፤ ሥራ ፈላጊው ብዙ በሆነበት አገር እንዲህ ማለት ቅንጦት ነው። የምንለው ይህ ነው፤ አገር ይመቻል አይመችም ሲባል ባለመሬቱ ያገኘው ካሣ፣ ሠራተኛው የሚጠጣው ውሃና ደመወዙ የሚገዛው እህል ከፈቃዱና ከጕምሩኩ ቀናት ጐን ይጻፉ። ይህ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለኩባንያውም ይበጃል። ጐረቤቱ ያልጠቀመበት እርሻ በዘበኛ የሚጠበቅ እርሻ ነውና፣ የዘበኛውም ደመወዝ ከወጪው መቈጠሩ አይቀርም።