ብርድ ልብስህን ማን ጋ ታስቀምጣለህ?

በረንዳ አዳሪ ተጠርጣሪ በጊዜ ቀጠሮ ችሎት በቀረበ ቁጥር መርማሪ ፖሊሱ የሚያሰማው ተቃውሞ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «ቋሚ አድራሻ ስለሌለው በዋስ ቢወጣ ተመልሶ ይቀርባል ተብሎ አይታመንም።» መርማሪው ይህን የሚለው ከክፋት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች በአንቀጽ 67 ሲዘረዝር፣ የዋስትናውን ግዴታ አይፈጽምም ተብሎ የሚገመተውን ሰው ከፊት አስቀምጦታል። እኔ በተከላካይ ጠበቃነት የምሠራው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የስርቆቱ ወይም የድብደባው ክርክር ገና ሳይመጣ፣ ይህ ሰው ሲፈለግ የሚገኝበት ቦታ እንዳለው ለዳኛው ማሳየት አለብኝ።

ቦታ ደግሞ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ቤት ከተከራየ ሰው ይልቅ ለመገኘት ይቀላል ብል ማጋነን አይደለም። ተከራይ ኪራይ ሲጨመርበት ከሰሚት ወደ ጀሞ፣ ከጀሞ ወደ ኮዬ ፈጬ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ የት እንደገባ የግቢው ሰው እንኳን ላያውቅ ይችላል። በረንዳ አዳሪ ግን ጥጉን በቀላሉ አይለቅም። ያቺ ጥግ ደኅንነቱ ናት። ዘበኛው ያውቀዋል፤ አጠገቡ የሚተኙት ያውቁታል፤ ሌሊት ቢያተኩሰው ውኃ የሚያቀብለው አለ። ወደማያውቀው ሰፈር ሄዶ ቢተኛ ጫማውን ይፈቱበታል፣ ይደበደባል። ሴት ከሆነች የሚደርስባት ከዚህ ይከፋል፤ ሴቶቹ ተሰባስበው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም መብራት ባለበት አጥር ሥር የሚያድሩት ለዚህ ነው። ጎዳና ላይ የሚፈጸመው ወንጀል ቀድሞ የሚያገኛቸው እነሱን ነው፤ አቤቱታ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሲገቡ ግን እምብዛም አላየሁም።

አስቸጋሪው ነገር ተጠርጣሪው ራሱ ይህን ሁሉ እንደ አድራሻ አለመቁጠሩ ነው። «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል «ጎዳና» ይላል፤ መርማሪውም ያንኑ ይጽፋል። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ትቼዋለሁ። «ብርድ ልብስህን ቀን ቀን ማን ጋ ታስቀምጣለህ?» ብዬ እጀምራለሁ። ተሸክሞ ያገኘውን ብር ማን እንደሚይዝለት፣ ዶፍ ሲመጣ የማን ሸራ ሥር እንደሚገባ፣ ቡሌ ከየትኛው ሆቴል ጓሮ እንደሚገዛ፣ ባለፈው ክረምት ሲታመም ማን ትኩስ ነገር እንዳመጣለት እጠይቃለሁ። እስከዚያ መሬት መሬት ሲያይ የቆየ ሰው እዚህ ላይ ቀና ብሎ ስም መጥራት ይጀምራል። የጀበና ቡና ሻጯ፣ የሆቴሉ ዘበኛ፣ መኪና የሚያስቆሙት ልጆች፣ ባለ ሱቁ ይመጣሉ። የባለ ሱቁን ነገር ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ባለ ሱቆች የተሸካሚዎችን ገንዘብ እየተቀበሉ በደብተር ይመዘግባሉና። አንዳንድ ጊዜ ያ ደብተር ለችሎት ከማቀርበው ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ይሆናል። ይህ ሰው ማታ ማታ እዚያው ሱቅ ደርሶ፣ ሃምሳም ሆነ መቶ ብር ሰጥቶ መመለሱን ከነቀኑ ያሳያል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ በእግር የሚሠራ ነው። ቡና ሻጯን ለማግኘት ሲነጋ እሄዳለሁ፤ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ከሰሉ ገና ሲያያዝ። ስለ ልጁ ስትናገር ቶሎ አትጨርስም። ጀሪካን እንደሚሞላላት፣ ወንበሮቹን እንደሚያስገባላት፣ ከሰው እንደማይጣላ ትነግረኛለች። ፍርድ ቤት መጥታ ይህንኑ እንድትናገር ስለምናት ግን ፊቷ ይለወጣል። «ልጄ፣ እኔ እዚያ ቀርቤ የምሠራበትን ስናገር፣ ነገ ደንብ አስከባሪ ጀበናዬን ቢጭንብኝ ማን ይመልስልኛል?» ፍርሃቷ ተገቢ ነው፤ ፈቃድ የላትም። ልጁን የምታውቀው አስፋልት ዳር በመዋሏ ነው፤ አስፋልት ዳር መዋሏ ደግሞ እሷንም ያስጠይቃታል። ስለዚህ አላስገድዳትም። «እናቴ፣ ስልክሽን ብቻ ስጪኝ፤ ዳኛው ከፈለጉ ይደውላሉ» እላታለሁ። ብዙዎቹ ይሰጡኛል። ጥቂቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ችሎት ድረስ ይመጣሉ፤ እነሱ በመጡበት ቀን የእኔ ንግግር ያጥራል።

ሌላው ደጋግሜ የምፈትሸው የአያያዝ ቃል ነው። ሞባይል ተቀምቶ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል በአካባቢው በረንዳ ላይ ያሉት ሁሉ ይሮጣሉ። የሚሮጡት ስለሰረቁ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ ሕዝቡ መጀመሪያ የሚይዘው የቆሸሸ ልብስ የለበሰውን መሆኑን፣ ከያዘም በኋላ ፖሊስ እስኪደርስ እንደሚደበድብ ያውቃሉ። ቃሉ ላይ «ሲሮጥ ተይዟል» ተብሎ ይሰፍራል። የግል ተበዳዩን ሌላ ማን ሲሮጥ እንዳየ፣ ስልኩ ከተጠርጣሪው እጅ ተገኝቶ እንደሆነ፣ የቀማውን ሰው ፊት አይቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከጀርባው ብቻ አይቶት ከሆነ ተበዳዩ ራሱ ድምፁ ይቀንሳል።

ፖሊሶቹን በአንድ ዓይን ማየት አልወድም። ሌሊት ሌሊት አንድ ሰፈር የሚጠብቅ፣ በረንዳ አዳሪዎቹን በስማቸው የሚጠራ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለው ሰው ሱቅ ሲሰበር መረጃ የሚጠይቀው እነሱን ነው፤ እነሱም ይነግሩታል፤ ሌሊቱን ሙሉ መንገዱን የሚያዩት እነሱ ናቸውና። እሱ ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ግን እውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ በምትኩ የመጣው አፈሳ ያካሂዳል፤ ምስክር የነበሩት ሰዎች በአንድ ሌሊት ተጠርጣሪ ይሆናሉ። ሕጉ ለጣቢያው የሰጠው ተጠርጣሪን የመልቀቅ ሥልጣን ግን ሰፊ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 በጽኑ እስራት በማያስቀጣ ጉዳይ፣ ወይም ወንጀሉ ስለመፈጸሙ ጥርጥር ካለ፣ መርማሪው ተጠርጣሪውን በዋስ ወይም ያለ ዋስ አስፈርሞ መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። «ወይም ያለ ዋስ» የሚለውን ለመርማሪው ጣቴን አሳርፌ አነባለታለሁ።

ዳኛው ዋስትና ከፈቀዱ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ዋስ የሚሆነው ሰው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ የደመወዝ ማስረጃም ይጠየቃል። ገንዘብ ከሆነም ጥቂት ሺህ ብር ለደንበኛዬ የማይደረስበት ነው። አንቀጽ 69 የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተያዘው ሰው አቅም እንዲታይ ያዛል፤ ይህን የምጠቅሰው መጠኑ ከመነገሩ በፊት ነው፤ ከተነገረ በኋላ ማስቀነስ ከባድ ነው። መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ የጠፋ ሰው መሸኛ ከየት ያመጣል? በአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ፣ በቁጥር 384/1996፣ የተከሰሰ እንደሆነ ዋስትና ራሱ የለም። አዋጁ የሚነሳው ለሥራ ብቁ ሆኖ የሚታይ መተዳደሪያ ከሌለው ሰው ነው። ለዚያ ክስ የባለ ሱቁ ደብተር ሌላ ጥቅም አለው፤ መተዳደሪያውን በቁጥር ያሳያል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በጥያቄ ያጠራቀምኩት አድራሻ ብዙው አብሮ ፈረሰ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም በርቷል፤ ይህን አልክድም። በረንዳው ሲነሣ ግን ዘበኛው በአንድ በኩል ሄደ፣ ቡና ሻጯ በሌላ በኩል ሄደች፣ ባለ ሱቁም በሌላ ክፍለ ከተማ ሱቅ ከፈተ። ደንበኛዬ ሦስቱንም አጥቶ ማንም ወደማያውቀው ሰፈር ሄዶ ተኛ። መርማሪው «አድራሻ የለውም» ሲል የምመልሰው እያጠረብኝ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ከገንዘብ ይልቅ በየሳምንቱ ለሰፈሩ ቅርብ በሆነ ፖሊስ ጣቢያ እየቀረበ እንዲፈርም እጠይቃለሁ፤ አንዳንድ ዳኞች ይቀበሉኛል።

የምጠይቀው ሌላም ነገር አለ። በተከሳሽነት ቃል መቀበያ ቅጽ ላይ «አድራሻ» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ይጨመር፦ የሚያውቀው ሰው ስምና ስልክ፣ የሚገኝበት ቦታና ሰዓት። ለዚህ አዋጅ ማሻሻል አያስፈልግም። ቅጹ እስኪታተምም መርማሪው በያዘው ብዕር ከኅዳጉ ላይ ሊጽፈው ይችላል፤ ተጠርጣሪው ነገ ጠዋት ችሎት ከመቅረቡ በፊት፣ ዛሬ ማታ።