ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ «አልካላይን ውኃ»፦ የፒኤች ቁጥርና የጤና እውነታ

የቧንቧ ውኃን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ «አልካላይን ውኃ» የሚለውጡ የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ከጃፓን ተነሥተው በበርካታ አገሮች ተሠራጭተዋል። መሣሪያውን ለመግዛት አቅም የሌለው ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ እንዲጠጣ ይመከራል። የማስታወቂያው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የበሽታ ሁሉ ምንጭ የሰውነት «አሲድ መብዛት» ስለሆነ፣ አልካላይን ውኃ የሚጠጣ ሰው ከስኳር ሕመም እስከ ካንሰር ከብዙ ደዌ ይድናል የሚል ነው። ይህ አባባል በሕክምና ሳይንስ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

መሣሪያው ምንም አይሠራም ማለት አይቻልም። በኤሌክትሮሊሲስ አማካይነት በካቶድ በኩል ሃይድሮክሳይድና የሃይድሮጅን ጋዝ ይፈጠራሉ፤ የውኃውም ፒኤች እስከ 9 ወይም 10 ከፍ ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ውኃው ከተጠጣ በኋላ ይሆናል በሚባለው ላይ ነው። ፒኤቹ 9.5 በሆነ 2 ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮክሳይድ 0.06 ሚሊሞል ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለማምከን ፒኤቹ 2 የሆነ 6 ሚሊ ሊትር ያህል የጨጓራ ፈሳሽ ይበቃል። በውኃው ውስጥ ባይካርቦኔት ቢኖርና ወደ ደም ቢገባ እንኳ፣ ሳንባና ኩላሊት የደምን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ወሰን ይጠብቁታል፤ ትርፉም በሽንት ይወገዳል። የሽንት ፒኤች ከፍ ማለት ኩላሊት ሥራውን ማከናወኑን ያሳያል እንጂ ደም መለወጡን አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቢኤምጄ ኦፕን መጽሔት የታተመ የጥናቶች ግምገማ አልካላይን ውኃ ካንሰርን ይከላከላል ወይም ያክማል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። በጃፓንም ቢሆን መሣሪያዎቹ ዕውቅና ያገኙት ለአንዳንድ የጨጓራና የአንጀት ምልክቶች ማስታገሻነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ካንሰርን ወደ መፈወስ መሸጋገር ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ ማሸከም ነው።

«አይጠቅምም እንጂ አይጎዳም» የሚለው ማጽናኛም ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከ1.2 ግራም የማያንስ ሶዲየም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው ሶዲየም ከ2 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለሆነም የደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ይህ ልማድ አደገኛ ነው።

የውኃ ወለድ በሽታዎች ባልጠፉበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ደግሞ ሌላ ሥጋት ይታከላል። ፒኤች ከ8 በላይ ሲሆን ክሎሪን ተሐዋስያንን የመግደል ኃይሉ ይቀንሳል። ሶዳ የተበጠበጠበትን ውኃ በውኃ አጋር ያከመ ቤተሰብ የተጠበቀ ይመስለዋል እንጂ በሚገባ ላይጠበቅ ይችላል። በመሣሪያው ላይ የሚገጠም የከሰል ማጣሪያም በቧንቧ ውኃ ውስጥ የቀረውን ክሎሪን ስለሚያስወግድ፣ ውኃው በጄሪካን ሲቀመጥ እንደገና ለብክለት ይጋለጣል።

የጤና ባለሙያ እንዲህ ያለ ውኃ የሚጠጣ ታካሚ ሲገጥመው መሳለቅ አይገባውም፤ ታካሚው ጤናውን ፍለጋ የሄደ ሰው ነውና። ይልቁንም ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅማል፦ የታዘዘለትን መድኃኒት አቋርጧልን? በቀን ምን ያህል ሶዳ ይወስዳል? የሚጠጣው ውኃ ከየት ተቀድቶ በምን ይቀመጣል? ለሕይወት የሚያሰጋው የውኃው ፒኤች ዝቅ ማለቱ ሳይሆን ንጹሕ አለመሆኑና የሕክምናው መቋረጥ ነው።