ቀለም የተቀባችው ላም ለማን ትታለባለች?

እ.ኤ.አ. በ1999 የበጋ ወራት የሺካጎ ከተማ ላም በላም ሆና ነበር። በሚሺጋን ጎዳናና በአካባቢው አደባባዮች ከ300 በላይ የፋይበር ግላስ ላሞች፣ አንዳንዶቹ ቆመው፣ አንዳንዶቹ እየጋጡ፣ ሌሎቹም ተኝተው መንገደኛውን ተቀበሉት። የላሞቹን አካል በሦስት ዓይነት አቋቋም የቀረጸው ስዊሳዊው ቀራፂ ፓስካል ክናፕ ሲሆን፣ ሐሳቡም ከአንድ ዓመት በፊት በዙሪክ ከተማ የተሞከረ ነበር። የሺካጎ ሠዓልያን ላሞቹን ተረክበው እንደየስሜታቸው አዥጎረጎሯቸው። ንግድ ቤቶች ወጪውን ቻሉ፤ ሕዝቡ ልጆቹን እያስከተለ ጎበኘ፤ በመጨረሻም ብዙዎቹ ላሞች በሐራጅ ተሸጠው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለበጎ አድራጎት ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሮተርዳም ዝሆኖች ተሰለፉ፤ በ2013 ደግሞ በብሪስቶል ከተማ ግሮሚት የተባለው የፊልም ውሻ 80 ጊዜ ተባዝቶ ለሕፃናት ሆስፒታል ገንዘብ አስገኘ። ለሚጥል በሽታ ምርምር ገንዘብ የሚሹ ወገኖችም ወደዚሁ የአደባባይ ጥበብ ቢያማትሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ገንዘብ እንደሚገኝበት ተረጋግጧል። ያልተመረመረው፣ ጥበቡ ራሱ ስለ በሽታው ምን ይናገራል የሚለው ነው።

በሥነ ጥበብ ሚዛን ሲመዘኑ ላሞቹ ቀላል ናቸው። ሠዓሊው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቅርጹ ተቆርጦ ይጠብቀዋል፤ የሚቀረው ቆዳ መቀባት ነው። ላሟ ለልብ ሕመም ብትቆም፣ ለካንሰር ብትቆም፣ ለሚጥል በሽታ ብትቆም ያችው ላም ናት። ይዘቱ ከቅርጹ ጋር ሳይተዋወቅ ስሙ ከሥር በሰሌዳ ይጻፍለታል። ይህን ብሎ ማሽሟጠጥ ግን ርካሽ ነው። ወተት ወተት ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመረምር ባለሙያ ደመወዙ ከየትኛዋ ላም እንደታለበ አይጠይቅም። የምርምሩም አስፈላጊነት አያከራክርም፤ ከሕመምተኞቹ ሢሶ የሚሆኑት እስካሁን ያሉት መድኃኒቶች በወጉ አይመልሱላቸውም።

ሆኖም የሚጥል በሽታ ከሌሎች ሕመሞች የሚለይበት ጠባይ አለው። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይታመሙበታል፤ ከእነዚህም 80 በመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በጊዜው ተመርምረውና መድኃኒት አግኝተው ቢሆን እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይወድቁ ሊኖሩ በቻሉ ነበር። ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ ክኒን በሥራ ላይ ከዋለ ከ1912 ወዲህ መቶ ዓመት አልፎታል። እንግዲህ በሕመምተኛውና በክኒኑ መካከል የቆመው የዕውቀት እጦት ብቻ አይደለም፤ እፍረትም ነው። እፍረት ደግሞ በሐራጅ አይሸጥም።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቡታጅራ አካባቢ 60,000 በሚያህል ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት በተካሄደው ጥናት ሕመሙ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ሰው ገበያ መካከል ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲወድቅ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፤ ሌላው ምራቁ እንዳይነካው ይሸሻል። ልብ ላለው ይህ ሁሉ ትዕይንት ነው። የበሽታው መድረክ አደባባይ፣ ተመልካቹም አላፊ አግዳሚው ነው። ቤተሰብ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ጓዳ የሚያውለው ይህን መድረክ ፈርቶ ነው። ስለዚህ ለሚጥል በሽታ የአደባባይ ጥበብ ከገንዘብ መሰብሰቢያነት ያለፈ ትርጉም አለው፤ በሽታው ሰውን ያዋረደበትን ሥፍራ መልሶ ይይዛል።

ይህን የተረዳ ሥራ አለ፤ ምንም እንኳ ለሌላ በሽታ የተሠራ ቢሆን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1987 በዋሽንግተን አደባባይ በኤድስ የሞቱትን ሰዎች ስም የያዙ 1,920 ጨርቆች ተሰፍተው ተነጠፉ። የእያንዳንዱ ጨርቅ ልክ ሦስት በስድስት ጫማ፣ ማለት የመቃብር ያህል ነበር። ሰፊዎቹ እናቶች፣ ወዳጆችና ጎረቤቶች እንጂ የታወቁ ከያንያን አልነበሩም። በተከታዩ ዓመት ጨርቁ በ20 ከተሞች ሲዞር ለሕሙማን መርጃ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተገኘ። ከሺካጎ ላሞች ገቢ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ነገር ግን ያን ጨርቅ ያየ ሰው ለምን እንደሰጠ ሰሌዳ ማንበብ አላስፈለገውም።

የሚወድቀውን ሰው በሥዕል ማሳየት ያዋርደዋል የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ራፋኤል እ.ኤ.አ. በ1520 ሲሞት የተወውንና ዛሬ በቫቲካን የሚገኘውን የደብረ ታቦር ሥዕል ማሳየት ይበቃል። ከላይ ክርስቶስ በብርሃን ተከብቧል፤ ከታች በቀኝ በኩል ዓይኑ የተገለበጠ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ልጅ አለ። ሐዋርያቱ ግራ ተጋብተዋል፤ አባትዬው ግን ልጁን ከኋላ ደግፎ ይዞታል። ሠዓሊው ለልጁ የአራት ሜትሩን ሥዕል የታችኛውን ግማሽ ሲሰጠው ለልመና አላቀረበውም። የያዘውን ሰው አብሮ በመሳሉ ክብሩን ጠበቀለት።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ማርች 26 ቀን ሕንፃዎችን በሐምራዊ ብርሃን የማስጌጥ ልማድ ተስፋፍቷል፤ ያስጀመረችው ሕመሙ ያለባት አንዲት ካናዳዊት ልጃገረድ ናት። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ብርሃን ግድግዳ ያጥባል እንጂ ሰው አያሳይም። (በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ በብርሃን የሚሠራ ከያኒ ብልጭ ድርግም ከሚል መብራት ይጠንቀቅ፤ ከሕመምተኞቹ ከመቶ ሦስት ያህሉን የሚጥላቸው ይኸው ነውና።)

ለዚህ ዓላማ የሚሰለፍ ቀራፂ ከተዘጋጀው ላም ይልቅ የሰውን አካል ቢያስብ ይሻላል፤ በጎኑ የተኛ ሰውና በአጠገቡ ተንበርክካ ራሱን በነጠላዋ የደገፈች ሴት። መንገደኛው ቆሞ ሲያይ አፍ ውስጥ ምንም እንደማይከተት፣ ክብሪትም እንደማያስፈልግ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ እንዳለበት ከምስሉ አቀማመጥና ከሥሩ ከተጻፉት ጥቂት ቃላት ይማራል። የገንዘብ ሣጥኑም ከምስሉ እግር ሥር ይቀመጥ፤ የተሰበሰበውና ለየትኛው ምርምር እንደዋለ በየዓመቱ እዚያው ይለጠፍ። ሐራጅ የግድ ከሆነ ትንንሾቹ ቅጂዎች ይሸጡ፤ ዋናው ግን ከአደባባዩ አይነሳ።