ልጁን አየው፤ እናቱንስ?

ብሩክሊን የተወለደው ሠዓሊ ኤዝራ ጃክ ኪትስ (1916–1983 እ.ኤ.አ.) ለዓመታት የሌሎች ደራስያንን የልጆች መጻሕፍት ሲሥል፣ ጥቁር ልጅ ዋና ባለታሪክ የሆነበት ድርሰት አንድም አልደረሰውም። ስለዚህ በ1962 «በረዷማው ቀን»ን ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ሣለ። ቀይ ልብስ የለበሰው ትንሹ ፒተር በረዶ ላይ ይጫወታል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። በ1963 የካልዴኮት ሜዳልያ አገኘበት።

በ1965 ግን ናንሲ ላሪክ የእናቲቱን አሣሣል ነቀፈች፦ ግዙፍ ገላ፣ ደማቅ ቢጫ ቀሚስ። የኪትስን ቅንነት አልክድም። ቅንነት ግን ዓይንን አይተካም። ለልጁ መነሻ የሆኑትን ፎቶግራፎች ከመጽሔት ቆርጦ ሃያ ዓመት ያህል አቆይቷቸዋል፤ ፒተር ሕያው የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። እናቲቱ ግን ከተለመደው ሻጋታ የወጣች ትመስላለች።

እኛም ስለ ሰፊው ሕዝብ እንጽፋለን ስንል፣ መጀመሪያ እንየው እንጂ ጎበዝ!