ስሙ የተደበቀ ግጥም

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚመዘንባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እኔ የማደንቀው እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሞከረውን ነው። መምህሩ የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ግጥሞች ያድላል፤ ተማሪዎቹም አንብበው፣ ስማቸውን ሳይገልጹ፣ የተሰማቸውን ጽፈው ይመልሳሉ። የተሸመደደ የሕይወት ታሪክ እዚህ አያድንም፤ ዝናም አይሟገትም። የዝነኛው ገጣሚ የሆፕኪንስ ግጥም ሳይቀር ከሙገሳው ነቀፋው በዛበት!

ይበልጥ የሚደንቀው ግን የእርማቱ መንፈስ ነው። ሪቻርድስ ነጥብ ቆርጦ አላለፈም፤ አንባቢው የት እንደተሰናከለ ፈለገ። የግጥሙን ግልጽ ሐሳብ መሳት፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ ስሜት መፍረድ፣ በእምነት ልዩነት መጋረድ፦ ሁሉንም በየዓይነቱ ለይቶ በ1929 በመጽሐፍ አወጣ። ስህተትን ከነጥብ ማስቆረጫነት ወደ መማሪያነት የሚያሸጋግር ምዘና፣ ተማሪውን ብቻ ሳይሆን አስተማሪውንም ያስተምራል።