የአልኮል ሴንሰሩ ማሩንም አልኮል ቢለውስ?

«አዲስ የአልኮል ሴንሰር ሠራን» የሚል የምርምር ጽሑፍ ስታገኙ ዓይናችሁ ቶሎ የሚያርፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ሴንሰሩ ሊያገኘው በሚችለው ትንሹ የአልኮል መጠን ላይ። ጸሐፊዎቹም የሚኮሩት በሱ ነው። እስቲ ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ሴንሰር ከአልኮል ሌላ ምን ሲያገኝ ይጮኻል?

ኒኬል ኦክሳይድን እንውሰድ። ብናኙ በካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ ይቀባና ኮስቲክ ሶዳ በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ይገባል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል የኒኬሉ ገጽ ኤሌክትሮን ለቆ «ይራባል»። አልኮል ሲጠጋው ኤሌክትሮኑን ይነጥቀውና ረሃቡን ያስታግሳል፤ ኤሌክትሮዱ ደግሞ መልሶ ያስርበዋል። የሚለካው በዚህ ምልልስ የሚፈጠረው ከረንት ነው፤ አልኮሉ ሲበዛ ከረንቱም ይጨምራል። ኢንዛይም የለ፣ ውድ ፕላቲነም የለ። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

ችግሩ ረሃብተኛ ምግብ አይመርጥም። ማርቲን ፍላይሽማንና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ኦክሳይድ የለበሱ የኒኬል፣ የብር፣ የመዳብና የኮባልት ኤሌክትሮዶች አልኮሎችንም አሚኖችንም እንዴት ኦክሲዳይዝ እንደሚያደርጉ መርምረዋል። ነገሩ ከ50 ዓመት በላይ የታወቀ ነው ማለት ነው። ዛሬም ይህንኑ ኒኬል ኦክሳይድ አንዱ ጽሑፍ «የአልኮል ሴንሰር» ሲለው፣ ሌላው «የግሉኮስ ሴንሰር» ብሎ ያቀርበዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ትንሽ ያስቃል።

ጠጅ ላይ ብትሞክሩትስ? ጠጅ ውስጥ እርሾው ያልጨረሰው የማር ስኳር ሊኖር ይችላል። ከረንቱ ከአልኮሉ ይምጣ ከማሩ፣ ኒኬሉ አይነግራችሁም። «እናቅጥነዋ!» ትሉ ይሆናል፤ ስታቀጥኑት ግን ስኳሩም አልኮሉም እኩል ይቀጥናሉ፤ ንጽጽራቸው ያው ነው።

አሁን ወደዚያ ቁጥር እንመለስ። ማይክሮሞላር የሞላር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ግን ወደ 0.86 ሞላር ኤታኖል ይይዛል። እዚህ ላይ ማይክሮሞላር ማግኘት መቻል ምን ይጠቅማል? የቢራን አልኮል ለማወቅ እኮ አፍንጫም ይበቃል።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የሚያበቃው ሜታኖል ሲመጣ ነው። መልኩ እንደ ኤታኖል ጥርት ያለ ነው፤ አረቄ ውስጥ ቢቀላቀል በዓይን አይለይም። ጉበት ውስጥ ግን ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። የተራበው ኒኬል ሁለቱንም ይበላል። «አልኮል አለ» የሚል ሴንሰር ለጠጪው ምንም አልነገረውም፤ አልኮል መኖሩንማ ያውቃል።

ስለዚህ «መራጭ» የሚለውን ቃል ስታዩ የፈተናውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። ሜታኖል ተፈትኗል? መጠኑስ ስንት ነው? የሚያሳስተውን ነገር በጠብታ ብቻ ጨምሮ «አልተሳሳተም» ማለት ፈተና አይባልም።

መፍትሔው የግድ ኦክሳይዱን መቀያየር አይደለም። በዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳዩት የኪስ መሣሪያ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። እሱም የብረት ኦክሳይድ ይጠቀማል፤ ፓላዲየም የተጨመረበት ቲን ኦክሳይድ። የሚለካው ግን ፈሳሽ ውስጥ ያለ ከረንትን ሳይሆን ትነቱ ሲነካው የሚለወጠውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ነው። ይህም ኦክሳይድ ብቻውን ሁለቱን አልኮሎች አይለይም። ብልሃቱ ከፊቱ ያለው፣ በፖሊመር ብናኝ የተሞላ ትንሽ ቱቦ ነው፦ ሜታኖል ቶሎ ያልፋል፣ ኤታኖል ወደ ኋላ ይቀራል። ሴንሰሩ ሁለቱን በየተራ ያገኛቸዋል። ከስድስት አህጉራት በመጡ፣ ንጹሕም ሜታኖል የተቀላቀለባቸውም በሆኑ 89 መጠጦች ላይ ፈትነውታል። ሜታኖሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል፤ ለቀጣዩ መጠጥ ግን ኤታኖሉ ከቱቦው እስኪወጣ መጠበቅ ነው።