ማስታወቂያ በአንድ ትንፋሽ

አጭርና ጥርት ያለ አረፍተ ነገር መጻፍ የሚፈልግ ሰው መርካቶ ወርዶ ጆሮውን ይስጥ። ሰልባጅ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጠውን ወጣት ስሙት፦ «መርጠህ በመቶ! መርጠህ በመቶ!» ምርጫው አለ፣ ዋጋው አለ፣ ትርፍ ቃል የለም። መንገደኛው አልፎ ሳይሄድ ነገሩ ተነግሮ አልቋል። ጥራቱን ሲጠይቁት ሱሪውን አንስቶ ያራግፍና ስፌቱን ገልብጦ ያሳያል፤ በቅጽል አይደክምም።

ቆራሌውንም አደንቃለሁ። ማዳበሪያውን ተሸክሞ በየሰፈሩ የሚያሰማት ጥሪ አንዲት ቃል ናት። ግቢ ውስጥ ያለችው እናት ጥሪውን በዜማው ለይታ፣ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ይዛ ብቅ ትላለች። ከዚያ የተሰበሰበው መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ አሮጌው ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል።

እነዚህ ሰዎች የሽያጭ ሥልጠና የሰጣቸው የለም። ጥሪው ካልሠራ ግን የዕለት እንጀራ የለምና በየቀኑ ያርሙታል፦ ቃል ይቀንሳሉ፣ ድምፅ ይለውጣሉ፣ ዋጋውን ወደ ፊት ያመጣሉ። እኛ ጸሐፊዎች አንባቢ ገጻችንን ዘልሎ ሲያልፍ አናየውም፤ እነሱ የደንበኛውን ፊት በቀጥታ ያያሉ። የቋንቋቸው ጥራት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።